ቃልን ፈልጎ ሥዕልን መግጠም

በ13ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ከተማ የነበሩ የዶሚኒካን ማኅበር መነኮሳት፣ ሁጎ ዘሳን ሼር በተባለ ሊቅ መሪነት፣ የላቲኑን መጽሐፍ ቅዱስ ቃላት አንድ በአንድ ለቅመው፣ እያንዳንዱ ቃል በየትኛው መጽሐፍና በየትኛው ምዕራፍ እንደሚገኝ የሚያመለክት ማውጫ ባዘጋጁ ጊዜ፣ ሰባኪው አንዲት ቃል ይዞ በብሉይና በሐዲስ የተበተኑትን ንባባት ሁሉ በአንድ ስፍራ ሊሰበስባቸው ቻለ። በሰው አንደበት ተነግሮ በተንቀሳቃሽ ሥዕል የተቀረጸው ቃል ግን እንዲህ ያለ መሪ ሳያገኝ ቆየ፤ የሚፈልገውም ሰው ፊልሙን ከጥንቱ እስከ ፍጻሜው ተቀምጦ ከማየት በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

የዚህ ድካም ታላቅ ምስክር ክርስቲያን ማርክሌይ የተባለው የጥበብ ሰው እ.ኤ.አ. በ2010 ለሕዝብ ያሳየው «ሰዓቱ» የተሰኘው ሥራ ነው። ሙሉ 24 ሰዓት የሚፈጀው ይህ ፊልም፣ ሰዓት የሚታይባቸውን ወይም ጊዜ የሚነገርባቸውን በሺህ የሚቈጠሩ የፊልም ቍራጮች እያገናኘ፣ በመጋረጃው ላይ ያለው ጊዜና በተመልካቹ ክንድ ላይ ያለው ጊዜ እኩል እንዲሄዱ የተቀናበረ ሲሆን፣ የማርክሌይ ረዳቶች እነዚያን ቍራጮች የለቀሙት ፊልም እያዩ በዓይናቸውና በጆሯቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2014 ሳም ላቪን የተባለ አሜሪካዊ የጥበብ ሰው «ቪዲዮግሬፕ» የተባለውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም አውጥቶ ማንም በነጻ እንዲገለገልበት ፈቀደ። አሠራሩ የተመሠረተው በፊልም ግርጌ በሚነበበው ጽሑፍ ላይ ነው፤ ይህ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ሲቀመጥ እያንዳንዱ መስመር የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ፣ እስከ ሰከንድ ሺኛ ክፍል ድረስ፣ ከጎኑ ተመዝግቦ ይገኛልና። ፈላጊው ቃሉን በጻፈ ጊዜ ፕሮግራሙ ሥዕሉን ሳይሆን ጽሑፉን ይመረምራል፤ ቃሉ የተገኘባቸውንም ጊዜያት ለቅሞ፣ በእነዚያ ልክ ሥዕሉን ቈርጦ፣ ቍራጮቹን በተራ ያገጣጥማል። ነገር ግን በግርጌው ጽሑፍ የሚመዘገበው የመስመሩ ጊዜ እንጂ የቃሉ ጊዜ ስላልሆነ፣ አንዲቱን ቃል ብቻ ነጥሎ ለማውጣት የሚሻ ሰው ንግግሩን ቃል በቃል ከነጊዜው የሚጽፍ ሌላ መሣሪያ ያስፈልገዋል።

በእኛ ፊደል ጉዳዩ የራሱ ችግር አለው። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በንግግር አንድ ድምፅ ሆነው ሳሉ ለኮምፒዩተሩ ልዩ ልዩ ፊደላት ናቸው፤ ስለዚህ «ሠላም» ብሎ የፈለገ ሰው «ሰላም» ተብሎ የተጻፈውን ሳያገኝ ይቀራል። ግሱም እንዲሁ ነው፦ ተናገረ፣ ሲናገር፣ አልተናገረም፣ የተናገሩት እያለ ከፊትም ከኋላም ስለሚለወጥ፣ ፈላጊው በአንድ መልክ ሳይወሰን ሁሉንም መልክ መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው «ዊስፐር» የተባለው ፕሮግራም ድምፅን ወደ ጽሑፍ ከሚመልስባቸው ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ቢሆንም፣ ስሕተቱ ብዙ ነውና ሰው ሳያርመው ሊታመንበት አይገባም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የሕሊና ጉዳይ ነው። «ጠላቶቼ ሌባ ነው ይሉኛል» ያለን ሰው ንግግር ቈርጦ «ሌባ ነው» የሚለውን ብቻ ማስቀረት ለመሣሪያው የቅጽበት ሥራ ነው፤ ድምፁ የራሱ፣ ፊቱም የራሱ ሆኖ ሳለ ነገሩ ሐሰት ይሆናል። መሣሪያው የቃሉን ስፍራ ያውቃል፣ ምሥጢሩን ግን አያውቅም። ያ የጥንቱ ማውጫ አንባቢውን ወደ ምዕራፉ ይመልሰው ነበር፤ የተገጣጠመው ፊልም ግን ምንጩን ካልነገረ ተመልካቹን ወዴትም አይመልሰውም።

ስለዚህ በዚህ ጥበብ የምትሠሩ ሁሉ፣ ከእያንዳንዱ ቍራጭ ግርጌ ንግግሩ የተነገረበትን ቀንና የተወሰደበትን ደቂቃ ጻፉ። የአባቶችን ቃለ መጠይቅ፣ ስብከትና የታሪክ ምስክርነት በካሴትም ሆነ በፊልም ያኖራችሁም፣ ንግግሩን በአንድ ወጥ የፊደል አጣጣል ከነጊዜው አስጽፉ፤ ያልተጻፈውን ንግግር ይህ መሣሪያ ሊያገኘው አይችልም።