የሐኑካ ሻማ መዝሙሮችና የቤተ እስራኤል የግእዝ ዜማ

ሐኑካ ስምንት ሌሊት የሚከበር የአይሁድ በዓል ነው። በአይሁድ አቆጣጠር ኪስሌቭ 25 ይጀምራል፤ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ይውላል። መነሻው ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ164 ዓመት ገደማ የሆነ ድል ነው። የካህን ልጅ የሆነው ይሁዳ መቃቢስና ወንድሞቹ የአንጥያኮስ አራተኛን ጦር አሸንፈው የረከሰውን የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ አንጽተው ዳግም መረቁት። የበዓሉ ዋና ሥርዓት የሚፈጸመው ቤት ውስጥ ነው። ሲመሽ ቤተሰቡ በመቅረዙ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ በመጀመሪያው ሌሊት አንድ ሻማ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ ስምንት ይበራል፤ ሻማሽ የሚባለው ዘጠነኛው ሻማ ሌሎቹን የሚለኩስ ነው። ታልሙድ እንደሚነግረን የሻማይ ተማሪዎች ከስምንት ጀምሮ እየቀነሱ እንዲበራ፣ የሂሌል ተማሪዎች ደግሞ ከአንድ ጀምሮ እየጨመሩ እንዲበራ ተከራክረው ነበር፤ የጸናው የሂሌል ወገን ሐሳብ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ሦስት፣ በቀሩት ሁለት ሁለት ቡራኬ ይባላል። ከዚያ ሻማዎቹ ለምን እንደበሩና ብርሃናቸው ለሌላ ሥራ እንደማይውል የሚናገረው «ሐኔሮት ሐላሉ» የሚባለው አጭር ጸሎት ይከተላል። እስከዚህ ድረስ የዓለም አይሁድ ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። የሚለያዩት ቀጥሎ በሚዘመረው ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም የሚነሣው ከዚሁ ነው።

በአውሮፓ ወገን፣ አሽከናዝ በሚባሉት ቤት፣ የሐኑካ መዝሙር ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው «ማኦዝ ጹር» ነው። ግጥሙ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን ምድር እንደተገጠመ ይታመናል፤ የገጣሚውን ማንነት የሚጠቁመን የስንኞቹ መነሻ ፊደላት ሲገጣጠሙ የሚሰጡት «መርዶክዮስ» የሚለው ስም ብቻ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሰማው ዜማው ደግሞ ከጀርመን የሕዝብና የቤተ ክርስቲያን ዜማዎች ጋር የተዛመደ መሆኑን የሙዚቃ ታሪክ አጥኚዎች አሳይተዋል። ሌላ ዜማም ነበረው፤ የቬኒሱ ሙዚቀኛ ቤኔዴቶ ማርቼሎ በ1724 ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ሥራው በጣሊያን ከሚኖሩ አሽከናዞች የሰማውን መዝግቦልናል። የስፔን ዘር የሆኑት ሰፋርዲና የምሥራቅ አይሁድ በበኩላቸው በማኦዝ ጹር ፈንታ የዳዊትን መዝሙር ይዘምራሉ፤ ይኸውም በዕብራይስጡ ቁጥር 30ኛው ነው። ባልካን አገር ቆይቶ ወደ አሜሪካ የተሻገረው የሰፋርዲዎቹ የላዲኖ ቋንቋም የራሱን ጨምሯል፤ ስምንቱን ሻማ እየቆጠረ የሚዘመረውን «ኦቾ ካንዴሊካስ» ቦስኒያ የተወለደችው ፍሎሪ ጃጎዳ የደረሰችው በ1983 ነው። ዕድሜው ግማሽ ክፍለ ዘመን ሳይሞላ ዛሬ በብዙ አገር «የጥንት ባህል» ተብሎ ይዘመራል። እንግዲህ ማስረጃው የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፦ ቡራኬው የጋራ ነው፤ መዝሙሩ ግን እያንዳንዱ ማኅበረሰብ በኖረበት አገር ቋንቋና ዜማ ያዋጣው ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት የጎንደር፣ የሰሜንና የወልቃይት ቤተ እስራኤል ለብዙ መቶ ዓመታት ኦሪትን ሲጠብቁ ሐኑካን አያከብሩም ነበር። ፋሲካን፣ የስርየትን ቀን፣ ሰንበትን፣ የአስቴርን ጾም ያውቃሉ፤ ከስርየት ቀን በ50ኛው ቀን ወደ ተራራ ወጥተው ስግድ የሚባለውን በዓል ያከብራሉ፤ የመቃብያንን ድል የሚዘክር የሻማ ሌሊት ግን አልነበራቸውም። አንዳንዶች ምክንያቱን ከሌላው አይሁድ የተለዩት ከድሉ በፊት ስለሆነ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ሥርዓታቸው በኢትዮጵያ ምድር በኦሪት ላይ ተመሥርቶ ስላደገ በኦሪት ያልተጻፈው በዓል አልደረሳቸውም ይላሉ። ሁለተኛው ለእኔ የተሻለ መስሎ ይታየኛል፤ ምክንያቱም ጸሎታቸው በቋንቋም በዜማም ከኢትዮጵያ ምድር የበቀለ ነው። በግእዝ መጻሕፍት ውስጥ እንኳ የድሉን ታሪክ የሚያወራው በመካከለኛው ዘመን ከዓረብኛ የተተረጎመው «ዜና አይሁድ» ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያናችን ቀኖና ያሉት መጽሐፈ መቃብያን ስማቸው ቢመሳሰልም የሚተርኩት ስለ ሌላ ንጉሥና ስለ ሌሎች ሰማዕታት ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የእሳት ጉዳይ አለ። ቤተ እስራኤል ዓርብ ጀንበር ሳትጠልቅ እሳት ያጠፉና የሰንበትን ሌሊት ያለ መብራት ያሳልፉ ነበር። ሌላው አይሁድ ሰንበትን በሻማ ሲቀበል እነርሱ በጨለማ ይቀበሉት ነበር። በዓልን በነበልባል ዙሪያ ቆሞ መዘመር ለእነርሱ ፍጹም አዲስ ነገር ነበር ማለት ነው።

መዝሙር ግን አላነሳቸውም። የጸሎታቸው ቋንቋ ግእዝ ነው፤ መካከል መካከል የአገው ቋንቋ ይገባበታል። ቄሶቹ በሁለት ወገን ተከፍለው አንዱ ሲመራ ሌላው እየተቀበለ ያዜማሉ፤ በበዓል ቀን ነጋሪትና ቃጭል ይታከላል። ይህ ሁሉ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው፤ ብዙውን ጸሎትም በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለኖረው መነኩሴ ለአባ ጽብራ ይሰጡታል። ኬይ ካውፍማን ሸለመይ የተባለችው የሙዚቃ ተመራማሪ በ1973 በጎንደር አካባቢ ባለችው በአምቦበር መንደርና በዙሪያዋ ተገኝታ ይህን ዜማ ቀርጻ አጥንታለች፤ በ1986 ያሳተመችው መጽሐፏም ዜማው ከኢትዮጵያ ገዳማዊ ሥርዓት ጋር ያለውን ዝምድና ገልጧል።

ሐኑካ ወደ ቤተ እስራኤል የገባው በመምህራን በኩል ነው። አይሁዳዊው ምሁር ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ከመጣ በኋላ ወጣቶችን ወደ ውጭ ወስዶ አስተማረ፤ ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ታምራት አማኑኤል በ1920ዎቹ አዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤት መሩ። በዓሉ በስፋት የታወቀው ግን ሕዝቡ ወደ እስራኤል ከተሻገረ በኋላ ነው፦ በ1984 እና 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ሲጓጓዝ። እዚያ ልጆች መዝሙሩን ከመዋዕለ ሕፃናትና ከትምህርት ቤት ይዘው ገቡ፤ በብዙ ቤት ወላጅ ከልጅ ተማረ። ዛሬ በጎንደርና በአዲስ አበባ ጉዞ በሚጠብቁት ወገኖች ዘንድም ሐኑካ ይበራል፤ የሚማሩትም በዕብራይስጥ ነው። ነገሩ የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ከጀርመን የመጣው ዜማ ቦታ ሲያገኝ፣ ከጎንደር የመጣው ቦታ ካጣ፣ የጎደለው የጥንት መብት ሳይሆን የሚጋብዝ ሰው ነው።

የምለው እንግዲህ ይህ ነው፦ የቤተ እስራኤል ቤተሰብ ከሻማው ቡራኬ በኋላ የዳዊትን መዝሙር በግእዝ፣ በቄሶቹ ዜማ ቢዘምር ከማንም ያነሰ ሥልጣን የለውም። የተባለው መዝሙር አዲስ ግጥም አይፈልግም፤ በዕብራይስጥ 30ኛ የሚባለው በግእዙ ዳዊት 29ኛው ነው፤ አርእስቱም ስለ ቤት ምረቃ ይናገራል። ዳዊት የሚደግም ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሳያውቀው የሐኑካን መዝሙር ያውቃል። በናይሮቢ ካሳራኒ ተቀምጦ ማታ ዳዊቱን የሚከፍት የአገራችን ሰው፣ በቲካ መንገድ ወደ መሀል ከተማ ወርዶ በኡሁሩ ሀይዌይና በዩኒቨርሲቲ ዌይ መጋጠሚያ ከሚገኘው፣ አውሮፓውያን አይሁድ ከመሠረቱት ምኩራብ ሰዎች ጋር አንድ መዝሙር ይጋራል።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «አባቶች ያላከበሩትን በዓል በአባቶች ዜማ ማክበር ታሪክ መፍጠር ነው» የሚል ነው። ይህ ብርቱ ተቃውሞ ነው፤ ማንም ተነሥቶ «የጥንት የኢትዮጵያ ሐኑካ መዝሙር» ብሎ ቢሸጥልን ሐሰት ይሆናልና። መልሱ ግን እውነቱን መናገር ነው፤ በዓሉ አዲስ ነው፣ ዜማው ጥንታዊ ነው፣ ሁለቱ የተገናኙት በእኛ ዘመን ነው ማለት። ማኦዝ ጹርም ከድሉ ከ14 ክፍለ ዘመን በኋላ ተጽፎ ማንም ሐሰት አላለውም። ሁለተኛው «ግእዝ የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ነው» የሚለው ሐፍረት ነው፤ በተለይ ወደ እስራኤል ከገቡ በኋላ አይሁድነታቸው ለጥያቄ በቀረበባቸው ሰዎች ላይ ከባድ ነው። ነገር ግን የየመን አይሁድ በዓረብኛ፣ የባልካኖቹ በላዲኖ ዘምረዋል፤ ከጎረቤት ጋር ቋንቋ መጋራት ሃይማኖትን አይሽርም፤ የቤተ እስራኤል ቄሶችም በግእዝ ሲጸልዩ ኖረው ኦሪታቸውን አልጣሉም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው፦ ይህ ዜማ የቄሶች ነው፣ በጸሎት ቤት በሁለት ወገን የሚዜም ነው፣ ሳሎን ውስጥ ከልጆች ጋር ሲዘመር ይሰበራል። እዚህ ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። ረጅሙን የሰንበት ጸሎት ቆርጦ የሻማ ማድመቂያ ማድረግ ጥፋት ነው፤ የትኛው ዜማ ለቤት እንደሚስማማ የሚወስኑትም ቄሶቹ ይሁኑ። ነገር ግን አንድ መሪና ጥቂት ተቀባይ ያለበት ቤት የዚህን ዜማ መሠረት ይዟል፤ መዝሙሩም በዕብራይስጡ አቆጣጠር 13 ቁጥር ብቻ ስለሆነ ልጅ በስምንት ሌሊት ሊይዘው ይችላል። ለልጆች ግእዙ አይገባቸውም የሚል ካለ አማርኛ የሚያውቁ አያቶች አጠገባቸው ናቸው፤ ዛሬ ሊተረጉሙላቸው ይችላሉ፣ ከ30 ዓመት በኋላ ግን አይችሉም።

ስለዚህ ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ የግእዙን ዜማ የሚያውቅ ቄስ ወይም ሽማግሌ ካለ፣ ከሚመጣው ኪስሌቭ 25 በፊት ሂዱና 29ኛውን መዝሙር እንዲያዜሙላችሁ ጠይቁ፤ ፈቃዳቸው ከሆነ ቅረጹት፣ በመጀመሪያው ሌሊት ከአንዷ ሻማ ፊት ከልጆቻችሁ ጋር ተቀበሉት።