የመቃብር ሐውልት አመራረጥ፦ ድንጋይ፣ መሠረትና ጽሕፈት በግሽ ዓባይ አካባቢ

መግቢያ

አባቴ ያረፉት ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። የተቀበሩትም በሰከላ ወረዳ፣ ከግሽ ዓባይ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ሐውልታቸው ለአርባቸው መድረስ አለበት ብሎ ስለወሰነ፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በሲሚንቶ ተገንብቶ ስስ እብነ በረድ የተለጠፈበት ሐውልት ቆመ። በዓመቱ ለሙት ዓመታቸው ስንሰበሰብ ሐውልቱ ወደ ራስጌው ዘምሟል፤ መካከሉም ተሰንጥቋል። እናቴ ፊደል ስላልቆጠሩ የልጅ ልጃቸውን «እስቲ አንብብልኝ» አሉት። ልጁም የሚታየውን አነበበ፦ «አረፈ»። እናቴ «እሳቸውን ነው ‹አረፈ› የምትሉብኝ?» ብለው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

የተጻፈው «አረፉ» ነበር። ግዕዙን «ፈ» ከካዕቡ «ፉ» የምትለየው ትንሽ ቅጥያ ግን ጥልቀት ሳይኖራት በቀለም ብቻ የተሞላች ስለነበረች፣ ቀለሙ በአንድ ክረምት ዝናብ ሲላቀቅ አብራ ጠፋች። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ዕለት ነው። ዓላማውም ለሟች መታሰቢያ የሚያቆም ቤተሰብ ሊመልሳቸው የሚገቡትን አራት ጥያቄዎች፣ ማለትም የጊዜ፣ የድንጋይ፣ የጽሕፈትና የቦታ ጥያቄዎችን፣ በምዕራብ ጎጃም ደጋ ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ማብራራት ነው።

የልማዱ መሠረት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሟች መታሰቢያ በዋናነት የሚፈጸመው በጸሎት ነው። ፍትሐት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት የየራሳቸው ቀን አላቸው። ሐውልት ከእነዚህ አንዱ አይደለም፤ አለመኖሩም ለፍትሐቱ እንቅፋት አይሆንም። በገጠሩ አካባቢ መቃብር ለረጅም ዘመን ሲታወቅ የኖረው ዙሪያውን በተደረደረ ወይም በላዩ በተከመረ ድንጋይ ነው። ቦታውን የሚያስታውሱት ዘመድና ካህናት ነበሩ። ትውልድ ሲያልፍ ትዝታው ይደበዝዛል፤ ቦታውም ለሌላ ሟች ይውላል። በእስልምናም ዘንድ መቃብርን ቀለል ባለ ምልክት ለይቶ መተው እንጂ በላዩ ላይ መገንባት በብዙ ሊቃውንት ዘንድ የሚደገፍ አይደለም። ስለዚህ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በገጠሩ ዛሬ የሚታየው በሲሚንቶና በእብነ በረድ የሚሠራ ሐውልት ለአካባቢው አዲስ ሊባል የሚችል ልማድ ነው።

ይህ ሲባል ግን በኢትዮጵያ ምድር ለሙታን ድንጋይ ማቆም እንግዳ ነገር ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጢያ ትክል ድንጋይ 36 ሐውልቶችን የያዘ ሲሆን፣ 32ቱ ሰይፍን ጨምሮ ልዩ ልዩ ምልክቶች ተቀርጸውባቸዋል። በሥፍራው የተደረገው ቁፋሮ መቃብሮችን አሳይቷል። ከሐውልቶቹ በአንዱም ላይ ስም አልተጻፈም። የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶችም የመቃብር ምልክቶች ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው 33 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን ተሰባብሮ ወድቆ ይገኛል። ተመራማሪዎች ሲተከል ሳለ ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ እንደወደቀ ያምናሉ፤ ለቁመቱና ለክብደቱ የሚመጥን ጥልቀት ያለው መሠረት አለማግኘቱም እንደ ምክንያት ይጠቀሳል። ከመሬት በላይ ያለው ውበት ከመሬት በታች ያለውን ጉድለት አለመሸፈኑ በነገሥታት ሐውልት ላይ የታየ ነገር ከሆነ፣ በገበሬ መቃብር ላይ ቢደገም አያስደንቅም።

የጊዜ ጥያቄ

ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር ካልተነካ አፈር ይልቅ ልል ነው። በቅንጣቶቹ መካከል አየር አለ። ዝናብ ሲገባበት ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፤ አፈሩም ይሰምጣል። ሣጥኑ ሲበሰብስ ደግሞ ሌላ ስምጠት ይከተላል። የምዕራብ ጎጃም ደጋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ስለሆነም ዋናው ስምጠት በመጀመሪያው ክረምት ይከሰታል ተብሎ ይጠበቃል።

በዚህ ላይ ክብደቱን እናስላ። 2 ሜትር ርዝመት፣ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የእብነ በረድ ወይም የግራናይት ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዘቱ 0.16 ሜትር ኩብ ነው። የእነዚህ ድንጋዮች አንድ ሜትር ኩብ 2.7 ቶን ገደማ ስለሚመዝን፣ ጠፍጣፋው ብቻውን ከ430 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። ይህ ጭነት በላላ አፈር ላይ ሲያርፍ አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞ ይሰምጣል፤ ሲሚንቶውም ይሰነጠቃል። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ችግሩ ይብሳል፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃልና።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ቢያንስ አንድ ክረምት መጠበቅ ነው፤ ሐውልቱን ለአርባ ከማድረስ ይልቅ ለሙት ዓመት ማድረስ ለዚህ ያመቻል። እስከዚያው መቃብሩን በድንጋይ ከቦ፣ ስም የተጻፈበት ቀለል ያለ የእንጨት መስቀል ማቆም ይበቃል። ሁለተኛው የሐውልቱ ክብደት በጉድጓዱ አፈር ላይ ሳይሆን ከጉድጓዱ ውጭ ባለው ያልተነካ መሬት ላይ እንዲያርፍ ዙሪያውን የግንብ መሠረት ማውጣት ነው። ሁለቱን ማጣመር ይመረጣል።

የድንጋይ ጥያቄ

በአካባቢው በቅርብ የሚገኘው ባዛልት፣ በተለምዶ ጥቁር ድንጋይ የሚባለው ነው። ጠንካራ ነው፤ የአየር ጠባዩንም ለዘመናት ይቋቋማል። ቀዳዳ የበዛበት ዓይነት ግን ለደቃቅ ጽሕፈት አይመችም፤ ቀዳዳውና የፊደሉ ቅጥያ ይቀላቀላሉ። ስለዚህ ለጽሕፈት የሚመረጠው ድፍኑ ነው። ለመጥረብ ጊዜና ሙያ ይጠይቃል፤ ሆኖም የማጓጓዣ ወጪው አነስተኛ ነው፤ ክፍያውም ለአካባቢው ድንጋይ ጠራቢ ይደርሳል።

እብነ በረድ ከሩቅ የሚመጣ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚወጣው የዳለቲ እብነ በረድ በአገራችን ከታወቁት አንዱ ነው። ለስላሳነቱ ለጠራቢ ምቹ ያደርገዋል፤ ዋና ማዕድኑ ካልሳይት በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 3 ላይ ይገኛልና። ድክመቱም የሚመነጨው ከዚያው ማዕድን ነው። የዝናብ ውኃ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ቀላል አሲድ ስለሚሆን ካልሳይትን በዝግታ ያሟሟል። ልስላሴው ይጠፋል፤ የጽሕፈቱም ጠርዝ ከዘመን ብዛት ይዶለዱማል። ግራናይት በአንጻሩ በመለኪያው 6 እና 7 ላይ ከሚገኙት ፌልድስፓርና ኳርትዝ የተሠራ በመሆኑ ጽሕፈትን ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል፤ ዋጋውም እንዲሁ ይጨምራል። በ1993 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አስከሬን ከእቴጌ መነን ጎን በግራናይት በተሠራ መቃብር ውስጥ መቀመጡ ይታወቃል።

ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ስስ እብነ በረድ ወይም ሴራሚክ በሲሚንቶ ግንብ ላይ ሲለጠፍ ነው። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ወጥ ድንጋይ ይመስላል። ነገር ግን ውኃ በመጋጠሚያው ገብቶ ልጣፉን ያላቅቃል፤ በውስጡ ብረት ካለም ብረቱ ሲዝግ ይዘቱ ስለሚጨምር ግንቡን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። አንድ ቤተሰብ አቅሙ ከተወሰነ፣ ከተለጠፈ ትልቅ ሐውልት ይልቅ ወጥ የሆነ ትንሽ ድንጋይ ቢመርጥ ይሻለዋል። የላይኛው ገጽም ውኃ እንዳይቋጥር በትንሹ መዝመም አለበት።

የጽሕፈት ጥያቄ

በፊደላችን የቃልን ትርጉም የሚለውጡት ቅጥያዎች ትንንሽ ናቸው። «ተወለዱ» ከ«ተወለደ»፣ «አረፉ» ከ«አረፈ» የሚለዩት በአንዲት አጭር መስመር ነው። ድንጋይ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠፋውም ይኸው ትንሹ ነው። በአማርኛ ይህ የፊደል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአክብሮት ጉዳይ ነው፤ ቅጥያዋ ስትጠፋ አንቱ የተባለው ሰው አንተ ይሆናል። በመሆኑም ቤተሰብ ከጠራቢ ጋር ሲዋዋል ስለ ድንጋዩ መጠን ብቻ ሳይሆን ስለ ጽሕፈቱም መስማማት ይገባዋል። ፊደሉ ተለቅ ያለ፣ ቅጥያው እንደ ግንዱ እኩል ጥልቀት ያለው፣ ቀለም ቢቀባ እንኳ ያለ ቀለም ሊነበብ የሚችል መሆን አለበት። ረጅም ግጥም ከመጻፍ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የልደትና የዕረፍት ዘመን በጉልህ ቢቀረጽ ይመረጣል። ጽሑፉ ከመቀረጹ በፊት በወረቀት ተጽፎ ከቤተሰቡ ቢያንስ ሁለት ሰው ሊያነበው ይገባል፤ የዘመን አቆጣጠሩም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ተብሎ መለየት አለበት።

የቦታ ጥያቄ

የቤተ ክርስቲያን ቅጽር የማኅበረ ሰቡ የጋራ ሀብት ነው። የድሮው የድንጋይ ክምር ቦታውን መልሶ ለሌላ ይለቅ ነበር፤ የሲሚንቶ ሐውልት ግን አይለቅም። 3 ሜትር በ2 ሜትር የታጠረ መቃብር 6 ካሬ ሜትር ይይዛል። እንዲህ ያሉ 100 መቃብሮች መተላለፊያቸው ሳይቆጠር 600 ካሬ ሜትር ይፈጃሉ። በአማራ ክልል ደጋማ ቦታዎች የጽድ፣ የወይራና የዋንዛ ዛፍ በብዛት የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር መሆኑ ሲታሰብ፣ በሲሚንቶ የተሸፈነ እያንዳንዱ መሬት ዘር የማይበቅልበት መሬት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ስለዚህ ከጠራቢ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ነው። አጥር የሌለው፣ ከመቃብሩ ስፋት የማያልፍ ሐውልት ለሟች ክብር አይጎድለውም፤ ለሚቀጥለው ሟችም ቦታ ያስቀራል።

ማጠቃለያ

እድር በአብዛኛው የቀብርን ወጪ እንጂ የሐውልትን አይሸፍንም። ስለዚህ ሐውልቱ የሚሠራው ቤተሰቡ በሐዘን በተዳከመበት፣ ተዝካርም ከፊቱ በተደቀነበት ወቅት ከኪሱ በሚያወጣው ገንዘብ ነው። ጥድፊያው የሚመነጨው ከፍቅር፣ አንዳንዴም «ሰው ምን ይለናል» ከሚል ሐሳብ ነው። ከላይ የቀረቡት ነጥቦች የሚያሳዩት ግን መታገሥ ወጪን እንደሚቀንስና ሥራውንም እንደሚያጸና ነው። ቅደም ተከተሉም ሰበካ ጉባኤን መጠየቅ፣ አንድ ክረምት ማሳለፍ፣ መሠረቱን በጽኑ መሬት ላይ ማውጣት፣ ወጥ ድንጋይ መምረጥ፣ በመጨረሻም ጽሑፉን አንብቦ ማስቀረጽ ነው።

ቤተሰባችን የተሰነጠቀውን ግንብ አፍርሶ ከአካባቢው ድፍን ጥቁር ድንጋይ አንድ ከወገብ የማያልፍ ሐውልት አቆመ። ጠራቢው «አረፉ» የሚለውን ቃል ሲጨርስ እናቴ ጣታቸውን በፊደሉ ላይ አሳለፉና ቅጥያዋ የት እንደሆነች ጠየቁ። አሳየናቸው። ጥልቀቷን በጣታቸው ለክተው «አሁን ይሁን» አሉ።