«ወጌሻ»፦ ለጨዋታ የታሰበ መድኃኒትና የቁስል ሳይንስ

የሚና ጨዋታ የምንለው ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ምናባዊ ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ በመሪው ትረካና በዳይስ ዕጣ እየተመሩ ታሪክን በጋራ የሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው የዚህ ዘርፍ ፈር ቀዳጅ እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመ ሲሆን፣ በህዋ ጉዞ ላይ የተመሠረተው «ትራቨለር» በ1977 ተከትሎታል። በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ገጸ ባሕርያት መቁሰላቸው አይቀርም። በመሆኑም ፈጣን ፈዋሽ መድኃኒት የሌለበት ጨዋታ የለም ለማለት ይቻላል። ብዙውን ጊዜም መድኃኒቱ አንድ መርፌ ነው፤ ሲወጉት ቁስሉ ይዘጋል፣ ደሙ ይመለሳል፣ ተጫዋቹም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጉዞውን ይቀጥላል።

እኛ ይህን መድኃኒት ለማሻሻል እንሞክር። ማሻሻል ስንል የበለጠ ተአምረኛ ማድረግ ማለታችን አይደለም። እንዲያውም ተአምሩን ቀንሰን የሥነ ሕይወትን ሕግ የሚያከብር መድኃኒት መፍጠር ነው ዓላማችን። ለጨዋታችን መቼት የመረጥነው የወደፊቷን ቡሬ ነው። ቡሬ ስንል በኢሉባቦር የምትገኘውን እንጂ የጎጃሟን ሞክሼዋን አይደለም። ከመቱ ተነስቶ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ የባሮ ወንዝ ንግድ በደራበት ዘመን ቡና የጫኑ በቅሎዎች የሚያልፉባት ከተማ ናት። ገጸ ባሕርያችን በቡና ጫካ ውስጥ ሳለች ጭኗን በገጀራ ተመትታለች እንበል። መድኃኒቱንም በአገራችን የተሰበረና የወለቀ በሚጠግኑት አዋቂዎች ስም «ወጌሻ» ብለነዋል።

ለመሆኑ ቁስል እንዴት ይሽራል? በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፕላትሌት የተባሉት የደም አርጊ ሕዋሳት ተጠራቅመው፣ ፋይብሪን በተባለ የፕሮቲን ድር ታስረው ፍሳሹን ይደፍናሉ። ቀጥሎ ለጥቂት ቀናት ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርሞችንና የሞተ ሥጋን ያጸዳሉ። ከዚያም ለሳምንታት አዲስ ሥጋና አዲስ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ ቆዳውም ከዳር ወደ መሐል ይጠግጋል። በመጨረሻም ጠባሳው እየጠነከረ ለመሄድ ወራትን፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ያም ሆኖ ጥንካሬው ከቀድሞው ቆዳ 80 በመቶ ያህል ቢደርስ ነው። አንዱ ምዕራፍ ለሌላው መሬቱን የሚያለሰልስ በመሆኑ፣ አንዱን ዘሎ ወደሚቀጥለው መሻገር አይቻልም።

ስለዚህ ቀላሉ ሐሳብ ሁሉንም ማፋጠን ይመስላል። የ«ትራቨለር» ደራሲዎችም ይህንኑ አስበዋል። በሕጎቹ ከተገለጹት መድኃኒቶች አንዱ የሰውነትን ውስጣዊ ኬሚስትሪ ወደ ሠላሳ እጥፍ በማፋጠን የወራትን ፈውስ በአንድ ቀን ያስገኛል። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ሒሳቡን እንሥራው። በዕረፍት ላይ ያለ ሰው 80 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል፤ በሠላሳ ሲባዛ 2,400 ዋት ይሆናል። ይህም የአንድ ጥሩ የኤሌክትሪክ ምድጃ ኃይል ነው። ትርፉ ሙቀት በሰውነት ውስጥ ከቀረ፣ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በየአንድ ደቂቃ ተኩሉ በአንድ ዲግሪ ሴልሲየስ ይግላል። ከ37 ዲግሪ ተነስቶ ለሕይወት አስጊ ወደሆነው 42 ለመድረስ ስምንት ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም፤ ላብም ጊዜውን በጥቂቱ ከማራዘም አያልፍም። የቀኑ የምግብ ፍላጎትም ወደ 50,000 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል። ይህም አምስት ኪሎ ተኩል ንጥር ቅቤ መብላት ማለት ነው። የጨዋታው ደራሲዎች መድኃኒቱ ማቀዝቀዣና የሕይወት ድጋፍ መሣሪያ ባለበት የሕክምና ተቋም ብቻ እንዲሰጥ ማዘዛቸው ያስመሰግናቸዋል። በቡሬ ጫካ ግን ይህ ሁሉ የለም።

መፍትሔው ፍጥነቱን በቁስሉ አካባቢ መወሰን ነው። 100 ግራም ሥጋ በሠላሳ እጥፍ ቢሠራ የሚያመነጨው ሙቀት 4 ዋት ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ይህን ደም በቀላሉ አጥቦ ይወስደዋል። ይሁንና ሌላ ችግር ይጠብቀናል። ኦክስጅን ከቀጫጭን የደም ሥሮች ወጥቶ ወደ ሕዋሳት የሚደርሰው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እስከ ሁለት አሥረኛ ለሚሆን ርቀት ነው። ሕዋሳቱ ሠላሳ እጥፍ ቢተነፍሱ ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል። በተጨማሪም ሕዋሳትን እንዲባዙ መጎትጎት ያለ ስጋት አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ለስኳር ሕሙማን የእግር ቁስል የተፈቀደ አንድ የእድገት ፕሮቲን ቅባት ከካንሰር ጋር በተያያዘ ስጋት በ2008 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ነበር፤ ማስጠንቀቂያው የተነሳው ከዓመታት በኋላ ነው። በእነዚህ ምክንያቶች ለ«ወጌሻ» የሰጠነው ፍጥነት አምስት እጥፍ ብቻ ነው። የአሥር ቀኑ ፈውስ በሁለት ቀን ይሆናል። ይህ የተጫዋቾችን ትዕግሥት እንደሚፈታተን እናውቃለን፤ ጨዋታው ግን የሚጥመው በዚሁ ነው ባዮች ነን።

እስከዚያ ድረስ ግን ገጸ ባሕርያችን በሕይወት መቆየት አለባት። እዚህ ላይ ምናብ አያስፈልገንም፤ መድኃኒቱ አለ። ትራኔክሳሚክ አሲድ ይባላል። በጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ሾሱኬና ኡታኮ ኦካሞቶ የተገኘ ሲሆን፣ የሚሠራው የፋይብሪኑን ድር የሚያፈርሰው ሥርዓት ድሩ ላይ እንዳይጣበቅ በመከልከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነ፣ በ40 አገሮች 20,211 ጉዳተኞችን ባካተተ ጥናት፣ መድኃኒቱን ካገኙት መካከል የሞቱት 14.5 በመቶ፣ ካላገኙት መካከል ደግሞ 16 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ልዩነቱ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ከመቶ ሰው አንድ ተኩል ነው። በዓለም ላይ ደም ፈሷቸው የሚሞቱትን ላሰበ ግን ትንሽ አይደለም። ከዚህ ሁሉ ለጨዋታችን ትልቁ ግኝት በቀጣዩ ዓመት የወጣው ትንተና ነው። መድኃኒቱ የሚጠቅመው ከጉዳቱ በኋላ ባሉት ሦስት ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ከዚያ ካለፈ ግን ደም በመፍሰስ የመሞትን ዕድል ሊያባብስ ይችላል። እንግዲህ የጨዋታው መሪ ሰዓቱን ይያዝ። ከጫካው እስከ ጥርጊያው መንገድ፣ ከዚያ በጎሬ አልፎ እስከ መቱ ሆስፒታል ያለው ርቀት፣ የዝናቡና የጭቃው ነገር ሁሉ በዳይስ የሚወሰን ይሆናል። በዚህ አካባቢ ክረምት እንዴት እንደሚዘንብ የሚያውቅ አንባቢ ሦስት ሰዓት ምን ያህል አጭር እንደሆነ አይነገረውም።

ጀርሞችን ለመከላከል የመረጥነው የኢሉባቦርን ጫካ በረከት፣ ማርን ነው። ማር ለቁስል መዋሉ ጥንታዊ ነው፤ ምክንያቱ ግን ጣፋጭነቱ ብቻ አይደለም። አራት አምስተኛው ስኳር በመሆኑ ከጀርሞች ውኃ መጥጦ ያደርቃቸዋል፤ አሲድነትም አለው። ከሁሉ የሚደንቀው ንቦች የሚጨምሩበት ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም በወፍራሙ ማር ውስጥ ከሞላ ጎደል ተኝቶ ይቆያል። ማሩ በቁስሉ ፈሳሽ ሲቀጥን ግን ነቅቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ማመንጨት ይጀምራል። ቁስሉ ራሱ መድኃኒቱን ይቀሰቅሰዋል ማለት ነው። አንድ መሐንዲስ አስቦ ቢሠራው ሽልማት የሚያሰጥ ንድፍ ነው! በአሜሪካ የቁስል መሸፈኛ ማር በ2007 ፈቃድ አግኝቷል። ይሁንና ከቀፎ የወጣ ጥሬ ማር የባክቴሪያ ስፖሮች ሊኖሩበት ስለሚችል፣ የሕክምናው ማር በጋማ ጨረር ይጸዳል። አንባቢያንም የጓዳቸውን ማር ቁስል ላይ ከማፍሰስ እንዲቆጠቡ እናሳስባለን።

አሁን ደሙ ይቀራል። እዚህ ላይ «ወጌሻ» እጁን ይሰጣል። አንድ ሊትር ደም 5 ትሪሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሕዋሳት አሉት። መቅኒ በሰከንድ 2 ሚሊዮን ያህል ያመርታል፤ ምርቱ ሁሉ ለዚህ ቢውል እንኳ 29 ቀናት ይፈጃል። በጭንቅ ጊዜ መቅኒው ምርቱን ሊያበዛ ይችላል፤ ሆኖም ጥሬ ዕቃ ያስፈልገዋል። በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 500 ሚሊ ግራም ገደማ ብረት ሲኖር፣ አንጀታችን በተለመደው ሁኔታ ከምግብ የሚወስደው በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ብረት ያለው ሰው ከዚያ ይበደራል፤ የሌለው ግን ለወራት ይደክማል። ስለዚህ ገጸ ባሕርያችን ቁስሏ በሁለት ቀን ቢጠግግም፣ ደም ካልተለገሳት በስተቀር ዳገት ስትወጣ ለሳምንታት ትንፋሿ እንዲቆራረጥ በሕጉ ላይ ጽፈናል።

ከዚህ ጋር አንድ አነስተኛ ሕግ አክለናል፤ የቡሬ ልጆች የሚወዱት አይመስለንም። ቡና ውስጥ ያሉ ፖሊፌኖሎች ብረትን አስረው እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ። በ1983 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የብረትን መመጠጥ በ39 በመቶ ቀንሶታል። ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣውም እንደዚያው ሲያደርግ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት የተጠጣው ግን ምንም አልቀነሰም። ስለሆነም የቆሰለችው ገጸ ባሕርይ እስክታገግም ድረስ ቡናው የሚፈላላት ገበታ ከመቅረቡ ከአንድ ሰዓት በፊት ነው፤ ጎረቤት ከምሳ በኋላ ቢጠራትም ዕጣን ከመሽተት በስተቀር ስኒ አታነሳም።