ጅቡቲ፦ በጎረቤት ንግድ የተገነባችው የወደብ ከተማ

ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ በዙሪያዋ የሚታረስ መሬትም እምብዛም የለም። ይሁንና ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንዳላት የሚነገርላት ኢትዮጵያ ከምታካሂደው የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚተላለፈው በጅቡቲ በኩል ነው። የጅቡቲ ወደቦች ከሚያስተናግዱት ጭነት ውስጥም አብዛኛው የኢትዮጵያ ነው።

ይህ ትስስር እንዴት ተፈጠረ? ሁለቱ አገራትስ አማራጭ ለመፈለግ የተነሱት ለምንድን ነው?

ሲራራ ነጋዴን የተካው ባቡር

ፈረንሳይ በአካባቢው እግሯን የተከለችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1862 ከአፋር ሹማምንት ጋር በተፈራረመችው ውል ኦቦክን ስታገኝ ነው። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ቀይ ባሕር ከአውሮፓ ወደ እስያ የሚወስድ አውራ መንገድ ሆነ። በእንፋሎት የሚጓዙት መርከቦችም የድንጋይ ከሰል የሚሞሉበት ጣቢያ አስፈለጋቸው።

ኦቦክ ግን ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተሰሜን ስለሚገኝ ከሐረር ለሚመጣው ንግድ አይመችም ነበር። አገረ ገዢው ሌዮንስ ላጋርድ በ1888 ከባሕረ ሰላጤው በስተደቡብ የጅቡቲን ከተማ መመሥረት ጀመሩ። በዚያን ጊዜ የሐረር ንግድ ዋና መውጫ ዘይላ ነበረች።

ሚዛኑን የለወጠው ባቡር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ግንባታ ፈቃድ ሰጡ። ከጅቡቲ የተነሳው መስመር በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ወደ ሐረር ከፍታ ባለመውጣቱም ድሬዳዋ በራሷ ከተማ ሆና ተቆረቆረች። በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የዘይላ ገበያ ተዳክሞ ነበር። “ለገሃር” የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር መጠሪያም ከፈረንሳይኛው “ባቡር ጣቢያ” የተወረሰ ነው።

ከጦርነት ጋር የሚወጣና የሚወርድ ዕድል

የከተማዋ ዕድገት ግን ያለማቋረጥ የቀጠለ አልነበረም። የስዊዝ ቦይ ከ1967 እስከ 1975 ተዘግቶ በቆየባቸው ዓመታት የወደቡ ሥራ ክፉኛ ተቀዛቀዘ። ጅቡቲ ነጻነቷን ባወጀችበት በ1977 ደግሞ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት የባቡር መስመሩን አቋረጠው። ኢትዮጵያም ያን ጊዜ የራሷ በነበረው የአሰብ ወደብ ላይ ይበልጥ ተመረኮዘች።

ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ከሆነች በኋላም አሰብ ዋነኛ በር ሆኖ ቀጥሎ ነበር። በግንቦት 1998 የሁለቱ አገራት የድንበር ጦርነት ሲፈነዳ ግን በሩ ተዘጋ፤ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ዞረ። የዛሬዋ ጅቡቲ ግዙፍ ወደቦች የዚህ ለውጥ ውጤት ናቸው።

በ2000 የዱባዩ ኩባንያ የወደቡን አስተዳደር ተረከበ፤ በ2009 የዶራሌህ የኮንቴይነር ተርሚናል ተመረቀ። በ2013 ቻይና መርቻንትስ የተባለው ኩባንያ የወደቡን 23.5 በመቶ ድርሻ ገዛ። በ2017 ደግሞ 590 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት የዶራሌህ ሁለገብ ወደብ ሥራ ጀመረ። ወደ 750 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመርም በ2018 መጀመሪያ መደበኛ አገልግሎት መስጠት ጀመረ።

በዚያው ዓመት የካቲት ጅቡቲ ከዲፒ ወርልድ ጋር የነበራትን ውል አፍርሳ ተርሚናሉን በእጇ አስገባች። ጉዳዩ ለዓመታት የዘለቀ ሙግት አስከተለ። ኩባንያው ግን ቀደም ሲል በ2016 የሶማሊላንዷን በርበራ ወደብ ለማልማት ተስማምቶ ነበር። የቀድሞዋ አጋር በዚህ መልኩ የተፎካካሪ ወደብ አልሚ ሆነች።

አንድ በር፣ አንድ ደንበኛ

ለኢትዮጵያ የአንድ በር ጥገኝነት ዋጋው በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ተመን የታሰረ ነው። በመሆኑም ብር በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲተመን ተደርጎ አቅሙ ሲዳከም የወደብ አገልግሎት በብር ሲሰላ ተወደደ። ይህ ወጪ በመጨረሻ የሚያርፈው በሸማቹ ላይ ነው።

የጅቡቲ ስጋት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ለወደቦቿና ለባቡሩ የወሰደችውን ብድር የምትከፍለው ከዚሁ ንግድ በምታገኘው ገቢ ነው። በባብ ኤል መንደብ መዳረሻ ላይ በመገኘቷ ለአሜሪካ፣ ለፈረንሳይ፣ ለቻይናና ለጃፓን የጦር ሰፈር አከራይታ ገንዘብ ብታገኝም የኢኮኖሚዋ ምሰሶ ወደቡ ነው።

ኢትዮጵያ በጥር 2024 ከሶማሊላንድ ጋር የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ስትፈራረም ሶማሊያ አጥብቃ ተቃወመች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ጅቡቲ ለኢትዮጵያ የታጁራን ወደብ አስተዳደር ለመስጠት ዝግጁ መሆኗን አስታወቀች። በታኅሣሥ ወር ኢትዮጵያና ሶማሊያ በአንካራ ውጥረቱን ለማርገብ ተስማሙ።

ይሁንና አማራጭ በር ለመክፈት ወደብ መሥራት ብቻውን አይበቃም። ኢትዮጵያ በበርበራ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ እንደሚኖራት በ2018 ቢገለጽም፣ ቅድመ ሁኔታዎቹን ባለማሟላቷ ድርሻውን እንዳጣች የሶማሊላንድ ባለሥልጣናት በ2022 ተናግረዋል። ከጅቡቲ የሚነሳ ጭነት ግን የባቡር ሐዲድ፣ የአስፋልት መንገድ፣ የተለመደ የጉምሩክ አሠራር እና የሞጆ ደረቅ ወደብ አለለት።

ትስስሩም ከጭነት ያለፈ ነው። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ታገኛለች፤ የመጠጥ ውኃ፣ ጫትና አትክልትም ከዚያው ይሄድላታል። ስለዚህ አዲስ በር ቢከፈት እንኳ በቅርብ የሚቀየረው የጭነቱ ድርሻና የአገልግሎቱ ዋጋ እንጂ ትስስሩ ራሱ አይሆንም።