ሚሊዮን ድምፅ፣ ዜሮ ወኪል

እ.ኤ.አ. በ1920 የአሜሪካ ሶሻሊስት ፓርቲ የፕሬዚዳንት እጩ ዩጂን ዴብስ መራጩ ፊት መቆም አይችልም ነበር፤ አትላንታ በሚገኘው የፌዴራል ወህኒ ቤት ታስሯል። ከሁለት ዓመት በፊት በኦሃዮዋ ካንተን ከተማ አንደኛውን የዓለም ጦርነት ነቅፎ በመናገሩ አሥር ዓመት ተፈርዶበታል። እንዲያም ሆኖ ከ900 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች መረጡት። ይህን ያህል ደጋፊ የነበረው ግራ ዘመም ፖለቲካ በዚያ አገር የራሱን ጠንካራ ፓርቲ ማቆም ያቃተው ለምንድን ነው? «አሜሪካዊ ሲፈጥረው ሶሻሊዝም አይስማማውም» የሚለው መልስ ለአፍ ይቀላል፤ የዊስኮንሲኗን ሚልዎኪን ግን ማስረዳት አይችልም። ከ1910 እስከ 1960 ባለው ጊዜ ከተማዋ ሦስት ሶሻሊስት ከንቲባዎች ነበሯት፤ ዳንኤል ሆን ብቻውን 24 ዓመት አስተዳድሯታል። እነዚህ ሰዎች ስለ ፍሳሽ ማስወገጃ ቦይ ማውራት ስለሚያበዙ ከጓዶቻቸው መካከል እንኳ ያሾፈባቸው አልጠፋም፤ መራጩ ግን ቦዩን ወዶታል። ሌሎች ደግሞ ውድቀቱን የሚያሳብቡት በአፈናው ነው። አፈናው እውነት ነው፤ የሚልዎኪው ሶሻሊስት ቪክቶር በርገር በ1918 እና በ1919 ተመርጦ ሁለቱንም ጊዜ የተወካዮች ምክር ቤቱ ወንበሩን ከልክሎታል። ነገር ግን ዴብስ በ1912፣ ያ ሁሉ እስር ከመምጣቱ በፊት፣ 6 በመቶ ያህል ድምፅ ሰብስቦ ፕሬዚዳንቱን በይፋ ከሚመርጡት ወኪል መራጮች አንድ እንኳ አላገኘም።

እንግዲህ መፈተሽ ያለበት የመራጩ ልብ ሳይሆን የምርጫው ሕግ ነው። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች አንደኛ የወጣ የግዛቱን ወኪል መራጮች በሙሉ ይጠቀልላል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጣው ባዶ እጁን ይመለሳል። የ1948ቱን ምርጫ እንመልከት። ግራ ዘመሙ ሄንሪ ዋላስና የዘር መድልዎ ጠበቃው ስትሮም ተርመንድ እያንዳንዳቸው ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አገኙ፤ ተርመንድ 39 ወኪል ሲወስድ ዋላስ አንድም አላገኘም። ተርመንድ ያሸነፈባቸው አራት የደቡብ ግዛቶች የዴሞክራቲክ ፓርቲው እጩ ተብሎ የቀረበባቸው ናቸው። የነባሩ ፓርቲ ስም ይህን ያህል ዋጋ አለው።

ለዚህ ከደራሲው አፕተን ሲንክሌር የተሻለ ምስክር አላውቅም። በ1930 ለካሊፎርኒያ አገረ ገዥነት በሶሻሊስትነት ተወዳድሮ 50 ሺህ ያህል ድምፅ አገኘ። በ1934 ፓርቲውን ትቶ በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ገባና አሸነፈ፤ በዋናው ምርጫ ቢሸነፍም ወደ 880 ሺህ ድምፅ አግኝቷል። «ይህ የኢኮኖሚው ድቀት ያመጣው ነው» የሚል ይኖራል። ድቀቱ ግን ለሁሉም ድቀት ነበር፤ በዚያው ምርጫ የሶሻሊስት ፓርቲው እጩ ያገኘው ሦስት ሺህ እንኳ አልሞላም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ፣ በትልቅ ፓርቲ ውስጥ የገባ ይዋጣል የሚለው ነው። እውነትም ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለሲንክሌር ድጋፋቸውን ነፍገዋል። ሆኖም በ1934 ከሲንክሌር ጎን ተሰልፈው የግዛቱ ሴናተር የሆኑት ካልበርት ኦልሰን ከአራት ዓመት በኋላ አገረ ገዥ ሆነዋል። በ2016 ለፕሬዚዳንትነት በዚያው በር የገቡት ሶሻሊስቱ በርኒ ሳንደርስም 13 ሚሊዮን ያህል የቅድመ ምርጫ ድምፅ አግኝተዋል። የመግቢያው ዋጋ ግን አልቀረላቸውም፦ በሐምሌ ወር ካሸነፏቸው ከሂላሪ ክሊንተን ጎን ቆመው «እሷን ምረጡ» ማለት ነበረባቸው፤ ከደጋፊዎቻቸውም ይህን ያልተቀበለ ነበር።