ወባ ያልሆነው ላብ

ከሞጆ በመቂና በባቱ አልፎ ወደ ላንጋኖ በሚወስደው የስምጥ ሸለቆ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ሰው ትኩሳትና ላብ ሲይዘው ቀድሞ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ጥርጣሬው ልክ ነው፤ አገሩ ወባማ ነው። ነገር ግን 50 ዓመት አካባቢ የሆናት ሴት ፊቷና ደረቷ ድንገት እየጋለ፣ ሌሊት አንሶላዋ በላብ እየራሰ፣ ወዲያው ደግሞ እየበረዳት ስትቸገር፣ የደም ምርመራዋም ከወባ ነጻ መሆኗን ሲያሳይ፣ ባለሙያው አንድ ጥያቄ ሊያክል ይገባዋል፦ «እናቴ፣ የወር አበባዎ ከቀረ ስንት ጊዜው ነው?»

ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ 12 ወር በተከታታይ ሲቀር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ በአንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ይረበሻል። ለጥቂት ሙቀት ሰውነት የቆዳን የደም ሥሮች ከፍቶ ላብ ያፈልቃል። ወበቅ፣ ትኩስ ቡናና በርበሬም ሊያባብሱት ይችላሉ። አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ሙቀቱ ከሚደጋገምባቸው ሴቶች ግማሾቹን ከ7 ዓመት በላይ አይለቃቸውም።

ለዚህ ችግር ሆርሞን መስጠት የቆየ ሕክምና ነው። ከእርጉዝ ፈረስ ሽንት የሚዘጋጀው ፕሪማሪን የተባለው ኢስትሮጅን በአሜሪካ የተፈቀደው በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። በ1975 ኢስትሮጅን ብቻውን ሲወሰድ የማሕፀን ካንሰርን እንደሚያበዛ ታወቀ፤ ማሕፀን ላላት ሴት የፕሮጄስትሮን ዓይነት መድኃኒት አብሮ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። ትልቁ ድንጋጤ የመጣው በ2002 ነው። ሁለቱን ሆርሞኖች በ16,608 ሴቶች ላይ የፈተነው የአሜሪካ ጥናት ከጊዜው በፊት ተቋረጠ፤ ከ10,000 ሴቶች በዓመት 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር አሳይቶ ነበር። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 እንደነበረ ግን ብዙም አልተወራም።

በዚያ ጥናት የተሰጠው ኢስትሮጅን 0.625 ሚሊግራም ነበር። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ጥናት 0.45 እና 0.3 ሚሊግራም፣ ከፕሮጄስትሮን መሰሉ መድኃኒት ጋር፣ ሙቀቱን በተቀራራቢ ደረጃ እንደሚያስታግሱ አሳይቷል። የዛሬ ሐኪሞች ምክርም ከዚሁ የተነሣ ነው፦ በዝቅተኛው መጠን መጀመር፣ በየጊዜው መመርመር። ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት ጤነኛ ሴት፣ ሙቀቱ ካስቸገራት፣ ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚያመዝን አብዛኞቹ ይስማማሉ። በኅዳር 2025 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ከሰፈሩት ከባድ ማስጠንቀቂያዎች አብዛኞቹ እንዲነሡ መወሰኑን አስታውቋል።

ይህ ማለት ግን ለሁሉም ይሰጣል ማለት አይደለም። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም የጉበት በሽታ ያለባት ሴት ሌላ መንገድ ያስፈልጋታል፤ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችና ጋባፔንቲን ሙቀቱን ይቀንሳሉ። ካረጡ በኋላ ደም ከታየም ቅድሚያ ምርመራ ነው። ከመድኃኒት ቤት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ገዝቶ በራስ መጀመርም አደጋ አለው፤ ኢስትሮጅኑ ለማረጥ ከሚታዘዘው በእጅጉ ይበረታል።

በእኛ አገር የሚቀድመው ችግር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ያነጋገራቸው ሴቶች ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉት ብቻ ናቸው። የእናቶች አገልግሎታችንም ያተኮረው በእርግዝና፣ በወሊድና በቤተሰብ ምጣኔ ላይ ነው። ማረጥን ለመለየት ዕድሜና የወር አበባ ታሪክ በአብዛኛው ይበቃሉ፤ ሕክምናውን ለመጀመርም የደም ግፊት መለኪያና ጥንቃቄ የተሞላበት ጥያቄ መነሻ ይሆናሉ። ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ስለ ወር አበባ መቅረት የሚጠየቀውን ያን ጥያቄ በመደበኛ ሥራቸው ቢያስገቡ፣ ሴቲቱ ወደ ሐኪም የምትላክበትን በር ይከፍታሉ።