የአዋሽ ዳር ክለቦች

አዋሽ ከቆቃ ግድብ ወጥቶ የወንጂን ሸንኮራ ያጠጣል፤ አዋሽ መልካሳን አልፎ ሶደሬ ፍል ውኃ ይደርሳል፤ ቁልቁል ወርዶ መተሐራን ያገኛል። ብዙ ሰው ይህን መስመር የሚያውቀው በስኳሩና በመዋኛው ነው። የእግር ኳስ ወዳጅ ግን ወንጂ ስኳር፣ መተሐራ ስኳር፣ አዳማ ከተማ ብሎ በክለቦቹ ይቆጥረዋል።

ሁለቱ የፋብሪካ ልጆች ናቸው። የወንጂ ፋብሪካ ኤች ቪ ኤ በተባለ የሆላንድ ኩባንያ ተተክሎ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የመተሐራው ኋላ ተከተለ። በእንዲህ ያለ መንደር ሠራተኛው ከነቤተሰቡ በካምፕ ይኖራል፤ ሜዳውን፣ ትጥቁንና ሰርቪሱን ድርጅቱ ይችላል፤ ጎበዝ ተጫዋችም በፋብሪካው የደመወዝ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ይህ ልማድ የአገራችንን ኳስ ከፍ አድርጎታል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ በድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን የተጫወተ ሰው ነበር።

አዳማ ከተማ ሌላ ዓይነት ነው። ዋነኛ በጀቱ ከከተማው አስተዳደር ካዝና ይመጣል፤ ከስታዲየም በር የሚሰበሰበው ገንዘብ ብቻውን ክለብ አያኖርም። እንዲህ ያሉ ክለቦች ከአንደኛ ሊግ ወደ ከፍተኛ ሊግ፣ ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ በውጤታቸው ይወጣሉ፤ ሲሸነፉም ይወርዳሉ።

በአሜሪካ ቤዝቦል ነገሩ የተለየ ነው። የሴንት ሉዊስ ካርዲናልሱ ብራንች ሪኪ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የትናንሽ ከተሞችን ቡድኖች ከክለቡ ጋር እያሰረ ወጣቶችን በእነሱ ማሳደግ ጀመረ። ዛሬ 30ዎቹ ታላላቅ ክለቦች እያንዳንዳቸው አራት አራት፣ በድምሩ 120 ተጓዳኝ ቡድኖች አሏቸው። የኦሃዮዋ ቶሊዶ ቡድን ለዲትሮይት ታይገርስ ልጆች ያበስላል፤ የተጫዋቾቹን ደመወዝም ዲትሮይት ይከፍላል። ቶሊዶ የቱንም ያህል ቢያሸንፍ ግን ወደ ላይኛው ሊግ አይወጣም።

የእኛ ትንሽ ከተማ ይህ ጣሪያ የለባትም። በ1990 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሪሚየር ሊግ የስምጥ ሸለቆዋ ሐዋሳ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ዋንጫ ወስዳለች። ጅማ አባ ጅፋርም በ2010 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን ሆኗል።

ብሔራዊ ቡድኑም የእነዚህን ክለቦች ላብ ይበላል። በሐዋሳ ከተማ ያደገው አዳነ ግርማ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተሻግሮ፣ በጥር 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ዛምቢያ ላይ የአቻነቷን ጎል አስቆጠረ። በጥር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ካሜሩን 4 ለ 1 ባሸነፈችን ጨዋታ ቀድሞ መረቡን የነካው የአዳማ ከተማው አጥቂ ዳዋ ሆቴሳ ነበር።

ጎደሎው የሚታየው ሒሳብ ሲወራረድ ነው። ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ወደ ውጭ አገር ክለብ ሲሸጥ፣ በፊፋ ደንብ ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ውሉ አልቆ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የሚሻገር ልጅ ግን ለአሳዳጊው ይህን ድርሻ አያስገኝም። ክለቡ ዘርቶ አጭዶ እህሉን ለሌላ ጎተራ ያስረክባል። ቶሊዶ ቢያንስ ደመወዙ ይሸፈንለታል፤ አዳማ ሁሉንም የሚችለው ከራሱ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለን ክለብ በደረጃ ሰንጠረዡ ብቻ መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ያፈራቸው ልጆች ዛሬ የት እንደሚጫወቱም ሊቆጠርለት ይገባል። ፌዴሬሽኑ ለአገር ውስጥ ዝውውርም ለአሳዳጊ ክለብ ቁርጥ ያለ ድርሻ ቢመድብ የኳሳችን ምንጭ አይነጥፍም። እርስዎም ቅዳሜና እሑድ ወደ ሶደሬ ሲወርዱ መንገድዎ በአዳማ ነውና፣ ጨዋታ ካለ ትኬት ቆርጠው ይግቡ።